በጉባ የሚጫነው ዓሣ ወተቱ ነው ወይስ ላሟ?

ከመተማ እስከ ኩርሙክ ባለው መስመር ከብትና ፍየል የሚያመላልሱ ነጋዴዎች ስለ ዓሣ መጠየቅ ጀምረዋል። ጥያቄው ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ጉባ ላይ፣ ከሱዳን ድንበር ብዙም ሳይርቅ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያልነበረ ሐይቅ ተኝቷል። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ውሃ መያዝ የጀመረው በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ነው፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ከግድቡ በስተኋላ የተንጣለለውና "ንጋት" የተባለው ሐይቅ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ ስፋቱም 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይህ የጣናን ግማሽ ያልፋል።

ውሃው ገና ከመርጋቱ መረብ ገብቶበታል። የሚወጣው ዓሣ ዓይን ይሞላል፤ አስጋሪውም ነጋዴውም ደስ ብሎታል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከብት ነጋዴ በቀላሉ የሚገባው አንድ ጥያቄ ነው። ይህ ዓሣ ከላሟ የታለበ ወተት ነው ወይስ ላሟ ራሷ ናት እየታረደች ያለችው? መልሱ በሐይቁ ላይ መኪና፣ ጀልባና ማድረቂያ ሊያሰማራ ላሰበ ሰው ገንዘብ ነው።

አዲስ ሐይቅ ለምን ይበረክታል

የወንዝ ሸለቆ በውሃ ሲዋጥ ደኑ፣ ሣሩ፣ ቅጠሉና አፈሩ ከሥር ይቀራል። ይህ ሁሉ ሲበሰብስ በውስጡ የነበረው ንጥረ ነገር ወደ ውሃው ይለቀቃል። ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፤ ጥቃቅን ነፍሳት ይረባሉ፤ ዓሣው ይጠግባል። የተዋጠው ቁጥቋጦ ደግሞ ጫጩቱን ከአዳኝ ይሸሽጋል። ትናንት በጠባብ ወንዝ ውስጥ ሲጋፋ የነበረው ዓሣ ዛሬ ዳር የሌለው ውሃ አግኝቷል። ለብዙ ዓመት ተከልሎ በቆየ ግጦሽ ላይ መንጋ እንደመልቀቅ ነው። የመጀመሪያው ወቅት ከብቱ ሁሉ ይፋፋል፣ ላሙ ሁሉ ይወልዳል።

ግጦሹ ግን ያልቃል። የተዋጠው ደን አንዴ ነው የሚበሰብሰው። ንጥረ ነገሩ ከፊሉ በዓሣ መልክ ይወጣል፣ ከፊሉ በግድቡ በር ይፈስሳል፣ ከፊሉ ከሥር ይቀበራል። ከዚያ በኋላ ሐይቁ የሚኖረው ወንዙ በየክረምቱ በሚያመጣለት ብቻ ነው። የዓሣው ምርትም ወደዚያው ልክ ይወርዳል።

ይህ በአፍሪካ ትልልቅ ግድቦች ላይ የታየ ነው። በናይጄሪያ የካይንጂ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1968 ውሃ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1970 ከሐይቁ የወጣው ዓሣ 28 ሺህ ቶን ገደማ ደርሶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ወደ 4,500 ቶን ገደማ ወረደ። በስምንት ዓመት ውስጥ ከስድስት እጅ አምስቱ ጠፋ ማለት ነው። በዛምቢያና በዚምባብዌ መካከል ያለው የካሪባ ሐይቅም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዳር ዳሩ ላይ ብዙ ዓሣ ሰጥቶ ቶሎ ቀነሰ። ካሪባን በኋላ ያነሣው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከታንጋኒካ ሐይቅ መጥቶ የተለቀቀው ካፔንታ የሚባል ትንሽ ዓሣ ነው። (ይህን የማነሣው "እኛም ከሌላ ቦታ ዓሣ አምጥተን እንልቀቅ" ለማለት አይደለም። ወደዚህ እመለሳለሁ።)

እንግዲህ ከንጋት በእነዚህ ዓመታት የሚወጣው ዓሣ ከፊሉ ወተት ነው፣ ከፊሉ ግን አንዴ ብቻ የሚገኝ ስጦታ ነው። ስጦታውን መብላት ነውር የለበትም። ስጦታውን የዓመት ገቢ አድርጎ ቆጥሮ በዚያ ልክ ብድር መውሰድ ነው ችግሩ።

ጣና ላይ የሆነው

ንጋት ገና ልጅ ነው። ምን ሊሆን እንደሚችል ለማየት ወደ ላይ፣ አባይ ወደሚነሣበት ወደ ጣና መሄድ ይበቃል።

ጣና ላይ ለዘመናት ያሰገሩት በዋነኝነት የነገደ ወይጦ ሰዎች ነበሩ። ታንኳቸው የደንገል፣ የሚደርሱበትም ከዳር ብዙ ያልራቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ የናይሎን መረብ በፕሮጀክት መልክ ገባ፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና አንድ የሆላንድ ግብረ ሠናይ ድርጅት ነበሩ ያመጡት። ዓላማው መልካም ነበር፣ ውጤቱም ጥሩ ነበር። የባሕር ዳር አስጋሪ ወደ ሐይቁ መሐል መዝለቅ ቻለ፤ ዓሣ አዲስ አበባ ገባ።

ጣና ውስጥ ሦስት ዓይነት የገበያ ዓሣ አለ፦ ቆሮሶ፣ አምባዛ እና ባሕር ዳር ላይ "ነጭ ዓሣ" የሚባለው። እዚህ ላይ ነጋዴ ሊጠነቀቅ ይገባል። አርባ ምንጭ ላይ "ነጭ ዓሣ" ሲባል ፈጽሞ ሌላ ዓሣ ነው፣ የናይል ፐርች ነው። የናይል ፐርች ጣና ውስጥ የለም፤ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አያሳልፈውም። በስልክ ዋጋ ተነጋግሮ ሌላ ዓሣ መቀበል አለ።

የጣናው ነጭ ዓሣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ከአሥር በላይ ዝርያዎች ቤተሰብ ነው። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንቁላላቸውን ለመጣል ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ ወንዞች ይወጣሉ። ከሐምሌ ጀምሮ በወንዞቹ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ነሐሴና መስከረም ዋናው ጊዜያቸው ነው። አንድ ሺህ ላም በአንድ በር ተሰልፋ ለመውለድ ስትገባ እንደማለት ነው። መረብ የያዘ ሰው የት እንደሚቆም ታውቁታላችሁ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2000 ዓመት አካባቢ (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ቆጠራዎች ሲነጻጸሩ የነጭ ዓሣው ክምችት በክብደት በ75 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። የወጣቶቹ ቁጥር ደግሞ ከዚያም በባሰ ወረደ። ይህ ሁለተኛው ነው የሚያስፈራው። ትልቁ ዓሣ ሲቀንስ ገበያው ያየዋል፤ ጥጃው ሲጠፋ ግን ማንም አያይም፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው በረቱ ባዶ የሚሆነው። ተመራማሪዎቹ ምክንያት ብለው ያስቀመጡት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ለመውለድ የተሰበሰበውን ዓሣ በወንዝ አፍ ላይ በመረብ መጥረግ ነው። ሌላው ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ መበተን ነው፤ ብርብራ ዓሣውን ያደነዝዘዋል፣ ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ።

በጾም ጉዳይ አንድ ነገር ልጨምር። የአገር ውስጥ የዓሣ ገበያ የሚደራው በዐቢይ ጾም እንደሆነ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። ዐቢይ ጾም የሚውለው ነጭ ዓሣ በማይወልድበት ወቅት ስለሆነ እሱ ብዙ ጉዳት የለውም። ጉዳት ያለው ፍልሰታ ነው። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ለሁለት ሳምንት ዓሣ ይፈለጋል፣ ዋጋውም ይወጣል፤ ዓሣው ደግሞ በዚያው ሳምንት እንቁላሉን ተሸክሞ ወንዝ አፍ ላይ ቆሟል። በፍልሰታ ገበያው ወደ ቆሮሶ ቢያዘነብል ብዙ ይተርፍ ነበር፤ ቆሮሶ ለመውለድ ወደ ወንዝ አይጓዝም፣ በዓመት ውስጥም ደጋግሞ ይወልዳል።

ጣና ላይ ሌላም መዓት አለ። እምቦጭ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ይዟል። ረግረጉ እየታረሰ ነው፣ ከወንዞቹ አሸዋ ይወጣል፣ ለመስኖ የተሠሩ ግድቦች የዓሣውን መንገድ ይዘጋሉ። እነዚህን ነጋዴ አያስቆማቸውም። የመረቡን ነገር ግን ያስቆመዋል።

ጆንያ ጥርስ የለውም

ከብት የሚገዛ ሰው አፍ ከፍቶ ጥርስ ያያል። ዕድሜዋን ያውቃል፣ ማርገዟን በእጁ ይፈትሻል። የዓሣ ቋንጣ የሚገዛ ሰው ግን ጆንያ ይመዝናል። በመተማ በኩል ወደ ገላባት የሚሻገረው የደረቀ ዓሣ ዋጋው በኪሎ ነው፤ አንድ ኪሎ ውስጥ ሦስት ዓሣ ይሁን አሥራ አምስት የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሱዳን ውስጥ ደረቁ "ካጃይክ" ሆኖ ወጥ ውስጥ ይገባል፣ ጨው የበላው "ፈሲኽ" ሆኖ ይበላል። ካጃይክ ተቀጥቅጦ ስለሚሠራ የዓሣው መጠን ለበላተኛው ለውጥ የለውም።

ሒሳቡን እንየው። ጥሬ ዓሣ ከአራት እጅ ሦስቱ ያህሉ ውሃ ነው። አንድ ኪሎ ቋንጣ ለማግኘት ከሦስት እስከ አራት ኪሎ ጥሬ ዓሣ ያስፈልጋል። አሥር ቶን ቋንጣ የጫነ መኪና ከ30 እስከ 40 ቶን ጥሬ ዓሣ ተሸክሟል። ዓሣው አማካይ ግማሽ ኪሎ ቢሆን ይህ ከ60 እስከ 80 ሺህ ዓሣ ነው። አማካዩ 200 ግራም ቢሆን ደግሞ ከ150 እስከ 200 ሺህ ይሆናል፣ አብዛኛውም ምናልባት አንዴ የወለደ ወይም ጭራሽ ያልወለደ። ሁለቱም መኪና ሚዛን ላይ እኩል ነው። ለነጋዴው ዛሬ እኩል ትርፍ ነው። ለሐይቁ ግን አንደኛው ሰንጋ፣ ሁለተኛው ጊደር ነው።

የቆሮሶ እናት ነገር ደግሞ የተለየ ነው። እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ነው የምትይዘው፤ በዚያ ጊዜ እምብዛም አትበላም። አንዷ መረብ ውስጥ ስትገባ ያፏ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ይህ የሚሆነው ውሃው ጥልቀት በሌለበት ዳርቻ ነው። ግድብ ደግሞ ለኃይል ማመንጫ ሲባል ውሃው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዳርቻው በየጊዜው ቦታውን ይቀይራል። ስለዚህ ንጋት ላይ ዳር ዳሩን በጠባብ መረብ ማስገር ከጣናም የከፋ ጉዳት አለው ብዬ አምናለሁ።

መረቡን የሚመርጠው ማን ነው? አስጋሪው ይመስላል። ነገሩን በቅርብ ያየ ግን ሌላ ያውቃል። አብዛኛው አስጋሪ መረብ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም፤ ነጋዴው ወይም ደላላው ቀድሞ ይከፍለዋል፣ አስጋሪውም ዓሣውን ለእሱ ብቻ ይሸጣል። ብድሩ በቶሎ እንዲመለስ ብዙ የሚይዘው፣ ዓይኑ የጠበበው፣ ርካሹ ባለ ነጠላ ክር የፕላስቲክ መረብ ይገዛል። ይህ መረብ ሲቀደድ አይጠገንም፣ ውሃ ውስጥ ይጣላል፣ ተጥሎም ዓሣ መግደሉን አያቆምም። ከብት አርቢ ቀድሞ ገንዘብ ተቀብሎ ጊደሩን በግዱ ሲሸጥ ያየ ሰው ይህን ሰንሰለት አይስተውም።

ሕጉ አለ፤ በሩ ግን የት ነው?

የፌደራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ማስገር ፈቃድ እንዲኖረው ይላል፣ በመርዝና በፈንጂ ማስገርን ይከለክላል፣ አፈጻጸሙን በብዛት ለክልሎች ይተዋል። ሕጉ መጥፎ አይደለም። በሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ውሃ ላይ በሌሊት መረብ የሚፈትሽ ባለሙያ ግን ጀልባም ነዳጅም የለውም። ወታደር አሰማርቶ መረብ ማቃጠልን መፍትሔ የሚያደርጉ አሉ፤ ድሀውን ያደኸያል እንጂ ያበደረውን ሰው አይነካም ባይ ነኝ።

ዓሣው ግን በጠባብ በር ነው የሚያልፈው። ጥቂት ማውረጃ ቦታዎች፣ ጥቂት ማድረቂያዎች፣ ጥቂት የጭነት መኪኖች፣ አንድ ሁለት የድንበር ኬላ። ቁጥጥር የሚያዋጣው እዚያ ነው፤ በዚያ በር ላይ የቆመው ደግሞ ነጋዴው ራሱ ነው። ዓሣው ከመድረቁ በፊት በመጠን ቢለይ፣ ለትልቁ በኪሎ የተሻለ ዋጋ ቢከፈል፣ ከተወሰነ ርዝመት በታች ያለው ባይገዛ፣ መረቡ በራሱ ይሰፋል። ጠባብ መረብ የሚያዋጣው ትንሹ ዓሣ ገዢ እስካገኘ ድረስ ብቻ ነው።

"እኔ ብተወው ሌላው ይገዛዋል" የሚለው መልስ እውነት አለው። ለዚህ ግን የከብት ነጋዴ ከማንም የተሻለ ልምድ አለው። እ.ኤ.አ. በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሳዑዲ ዓረቢያና የመን ውስጥ ሲነሣ የአፍሪካ ቀንድ ከብት ገበያ ተዘጋ። ሳዑዲ በሯን እንደገና የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በሽተኛ እንስሳ ያልጫነው ነጋዴም ከጫነው ጋር እኩል ተዘጋበት። ከዚያ በኋላ ነው የኳራንቲን ጣቢያ፣ የጆሮ ምልክትና የጤና ወረቀት "የመንግሥት ጣጣ" መባሉ ቀርቶ የነጋዴው መከላከያ የሆነው። ዓሣ ላይም የነጋዴ ማኅበራት የመጠን ስምምነት ማድረግ ያለባቸው ሐይቁ ሞልቶ ሳለ ነው፤ ሲጎድል ማንም አይስማማም።

ከአንዱ ዓሣ ሁለት ብር

ብዙ ዓሣ ሳይወጣ ብዙ ገንዘብ የሚገኝበት መንገድ አለ፣ ብዙ ጊዜ ግን አይወራለትም። ጉባ ቆላ ነው። ሆዱ ያልተከፈተ፣ በረዶ ያላገኘ ዓሣ በዚያ ሙቀት ግማሽ ቀን አይቆይም። መሬት ላይ የተሰጣ ቋንጣ አሸዋ ይይዛል፣ ዝንብ ይጥልበታል፣ ከዚያ ጥንዚዛ ጆንያ ውስጥ ይበላዋል። ጥንዚዛውን ለማጥፋት የተባይ መድኃኒት የሚረጩ አሉ። ይህ ሰው ላይ መርዝ መርጨት ነው፤ አንድ ቀን ደግሞ አንድ ላቦራቶሪ ያገኘውና ገበያውን በሙሉ ይዘጋዋል።

ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ፣ በቂ ጨው፣ ከዝናብ የሚከልል ፕላስቲክ፣ በደንብ ደርቆ ሲሰበር ድምፅ የሚሰጥ ቋንጣ፤ ይህ ሁሉ ከአንድ ጀልባ ሞተር ያነሰ ወጪ ነው። በረዶ ማምረቻ ካለ ደግሞ ትልቁ ቆሮሶ በቻግኒና በእንጅባራ በኩል ጥሬውን ወደ ደጋው ከተሞች ሊሄድ ይችላል። የሱዳን መንገድ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023ቱ ጦርነት ወዲህ ክፍያውም ጉዞውም አስተማማኝ አይደለም። ሰላም ሲሆንም ሱዳን የጀበል አውሊያና የኑቢያ ሐይቅ ዓሣ አላት፤ ዓሣ አጥታ እኛን የምትጠብቅ አገር አይደለችም። አንድ ገበያ ብቻ ይዞ መኪና መግዛት አይመከርም።

ስለ አገሪቱ የዓሣ አቅም ሲነሣ 94,500 ቶን በዓመት የሚል ቁጥር በየስብሰባው ይጠቀሳል። ቁጥሩ ከባድ ጥናት አለበት። አንዳንዱ ባለሥልጣን ግን ባንክ እንደተቀመጠ ገንዘብ ነው የሚያወራው። አቅሙ መንገድ በሌላቸው ወንዞች የተበተነውን ዓሣ ሁሉ ይጨምራል፤ ቀሪው ዓሣ ሁሉ ተለቅሞ የሚመጣ ይመስል "ገና ግማሹን አልነካንም" ማለት ጣና ወይም ጫሞ ላይ መረብ ለመጨመር ምክንያት አይሆንም።

ከሌላ ውሃ ዓሣ ስለማምጣት ያልኩትን ልጨርስ። ንጋት ላይ ጫጩት በጆንያና በበርሜል ማመላለስ የሚያስቡ እንዳሉ እሰማለሁ። በእስራኤልና በግብፅ የቆሮሶ እርባታዎች ላይ የደረሰው የቲላፒያ ሐይቅ ቫይረስ የሚዛመተው በዚህ ዓይነት ዝውውር ነው። የሳንባ በሽታ ያለበትን በሬ ንጹሕ መንጋ ውስጥ እንደማስገባት ነው፤ ልዩነቱ ሐይቅ ውስጥ የገባን በሽታ በክትባትም በማግለልም ማውጣት አለመቻሉ ነው።

በዚህ ዓመት ጉባ ላይ ዓሣ መግዛት ለሚጀምር ነጋዴ የምመክረው ደብተር መያዝ ነው። በየወሩ ከሚቀበለው ዓሣ መቶውን ሳይመርጥ ያንሣ፣ ሳይደርቅ በሜትር ይለካ፣ አማካዩን ይጻፍ። ሁለት ዓመት ተከታትሎ አማካዩ ካጠረ ሐይቁ ስጦታውን ጨርሶ ላሟን እየሰጠ ነው። በዚያን ጊዜ መጀመሪያ መቀነስ ያለበት ለአስጋሪዎች የሚሰጠው ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት መረብ የሚገዛው በዚያ ገንዘብ ነውና።